በበርበሬው ክምር ውስጥ የመለሰው ሰው

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ የጀመረው በሩጫ ነው። በርበሬ በረንዳ አንድ መጋዘን በጫኝና አውራጅነት ገብቼ፣ ዓይኔ ገና ጨለማውን ሳይለምድ፣ የዛላው አቧራ ጉሮሮዬን ያዘኝ። ከፊቴ እስከ ቆርቆሮው ጣሪያ ድረስ የተከመረ ጆንያ ብቻ ነበር። ሰው የሚባል አይታየኝም። በዚህ መሀል ክምሩ ራሱ «አለሁ!» አለ።

በስመአብ ብዬ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ። ውጭ ያሉት ሆዳቸውን ይዘው ሳቁብኝ። ከክምሩ ጀርባ ጆንያ የሚቀበል ሰው ነበር ለካ። ሰውየው ታደለ ይባላል፤ በኋላ እድሜ ልክ የተፈረደበት ታደለ። በርበሬ እንደተቀባ ፊቱ ቀልቶ ወጣና «ጆንያ አናግሮህ ነው የምትሮጠው? ገና ያገባሃል!» አለኝ። እስከ ዛሬ ድረስ በርበሬ በረንዳ ያሉ አሮጊቶች በዚያ ሩጫ ይቀልዱብኛል።

ሥራው እንዲህ ነው። አንዱ ክምሩ ላይ ይወጣል። ሌላው ከታች ጀርባውን ሰጥቶ ጎንበስ ይላል፤ ራሱ ላይ እንደ ቆብ የታጠፈ ማዳበሪያ ስላደረገ ወደ ላይ ማየት አይችልም። የላዩ ሰው ጆንያውን ጫፍ ድረስ ጎትቶ «አለህ?» ብሎ ይጠይቃል። የታቹ ክብደቱ ጀርባው ላይ ሲያርፍ «አለሁ!» ብሎ ይመልሳል። ያን ጊዜ የላዩ ይለቅና «ጨርሰው!» ይላል፤ መንገዱን ጨርሰው፣ አድርሰው ማለት ነው። «አለሁ» ሳይባል የለቀቀ ሰው ከኛ ቡድን ወዲያው ይባረራል።

ስለዚህ እኛ የምንተዋወቀው በፊት ሳይሆን በድምፅ ነው። ከጎንህ ሲሠራ የዋለውን ሰው ሻይ ቤት ስታየው አታውቀውም፤ አፉን ሲከፍት «አንተ ነህ እንዴ!» ትላለህ።

ታደለ አቀንቃኛችን ነበር። ዘፈኑን የሚገጥመው ራሱ ነው፣ ጆንያ እየተሸከመ። እሱ ያወጣል፣ እኛ እንቀበላለን፦

«ከላይ ያለው ወንድሜ፣ ከብዶሃል ወይ?
ከታች ያለው ወንድሜ፣ አለህ ወይ? አለህ ወይ?»

እኛ ሁላችን ባንድ አፍ «አለሁ!» እንላለን። ደግሞ የማሾፊያ ግጥም ነበረችው፣ በኔ ሩጫ የገጠማት፦

«በርበሬ አስነጠሰኝ፣ ዓይኔም አለቀሰ፣
ሰው መስሎኝ ስጠይቅ፣ ጆንያ መለሰ።»

ያኔ እስቅ ነበር። ዛሬ ይህቺን ግጥም አፌ ላይ ማምጣት አልወድም።

የመጋዘኑ ባለቤት ሐጂ ነስሩ ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግትር እንጂ። ራሳቸውም በወጣትነታቸው እዚያው በረንዳ ላይ ተሸካሚ ነበሩ። አንድ ነገር ስንጠይቃቸው «እኔም በዚህ ጀርባ ነው ሰው የሆንኩት፤ ለኔ ታወሩልኛላችሁ?» ይሉና ጀርባቸውን በጥፊ ይመቱታል።

ክምሩ ግን ከልክ አልፎ ነበር። አንድ ቀን ከላይ ጆንያ ተንዶ የአንዱን ጓደኛችንን ትከሻ ሰበረው። ታደለ ሁላችንንም አስከትሎ ሐጂ ፊት ቆመ።

«ሐጂ፣ ክምሩ ዝቅ ይበል። አለዚያ ከነገ ጀምሮ አንወጣም።»

«አትወጡም? ወላሂ፣ እኔ ራሴ ወጥቼ አወርደዋለሁ! ሴት ሆናችኋል።»

«ይሄ ክምር አንድ ቀን ሰው ይበላል፣ ሐጂ።»

«ማንን ነው የሚበላው?»

«እርስዎንም ቢሆን አይምርም።»

ካፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ይህንን ግማሽ በርበሬ በረንዳ ሰማው። እኔ በማስጠንቀቂያነት ነው የሰማሁት፤ በኋላ ዓቃቤ ሕጉ ዛቻ አለው።

በማግስቱ ሥራ አቆምን። ሁላችንም ማዶ ሻይ ቤት ቁጭ አልን። ከምሳ በኋላ ሐጂ ታደለን «ና እንነጋገር» ብለው አስጠሩት፤ ብቻውን ሄደ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፤ ገበያው ይንጫጫል። ብዙም ሳይቆይ ጩኸት ሰማንና ሮጥን። መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ቀይ ደመና ቆሟል። ታደለ በእጁ ጆንያ እየቧጠጠ «ሰውየው የት ሄደ? ተቀባዩ የት ሄደ?» ይላል። ከክምሩ ስር የሐጂ አንድ ጫማ ይታያል። ስናወጣቸው አልፈዋል።

ፍርድ ቤት ታደለ ቃሉን ሰጠ። እኔ ምስክር ሆኜ ስለነበርኩ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። እንዲህ አለ፦ በሩ ክፍት ነበር፤ ሐጂን ተጣራሁ፣ መልስ የለም፤ ክምሩ ግማሹ ተንዷል፣ አቧራው እጄን እንኳ አያሳየኝም፤ ወጥቼ ላስተካክለው ብዬ አንድ የተንጠለጠለ ጆንያ ያዝኩ፤ ሰው የሚንቀሳቀስ መስሎኝ «አለህ?» አልኩ፤ «አለሁ!» የሚል ተሰማኝ፤ ስለዚህ ለቀቅኩና «ጨርሰው!» አልኩ። የቀረው ክምር ተከትሎት ሄደ።

ዳኛው ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። «ማነው አለሁ ያለህ?» አሉት።

«ፊቱን አላየሁም፣ ጌታዬ። ከጓደኞቼ አንዱ ተከትሎኝ የመጣ መስሎኝ ነው።»

«ድምፁስ?»

«አቧራ ያነቀው ድምፅ ነው። የማን እንደሆነ ላውቀው አልቻልኩም።»

ቀጥሎ እኔ ተጠየቅሁ። በዚያ ሰዓት ከሻይ ቤቱ የጎደለ ሰው ነበር ወይ? አልነበረም። ከታደለ በቀር ሁሉም ከኔ ጋር ነበር። እውነቱ ይኸው ነው፤ ዛሬም ብጠየቅ ያንኑ እላለሁ። የመጋዘኑ ጎረቤት፣ ቅመም ነጋዴዋ እትዬ ዘነበችም ምለው መሰከሩ፦ በቆርቆሮው በኩል የታደለን ድምፅ «ጨርሰው!» ሲል ሰምቻለሁ አሉ። እሳቸውም አልዋሹም። ማንም ሰው አልዋሸም እኮ! ተደምሮ ግን ታደለን ገዳይ አደረገው። ዛቻ አለ፣ «ጨርሰው» አለ፣ «አለሁ» ያለው ሰው ግን የለም። እድሜ ልክ ተፈረደበት።

እኛ ወደ ሥራ ተመለስን፤ መብላት አይቀርም። መጋዘኑን የሐጂ ልጆች ያዙት። እኔ የቡድን መሪ ሆንኩ። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ስናገር ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። ከሥራ ቆም ብለን ላብ ስንጠርግ፣ ሁላችንም ውጭ ደጃፉ ላይ ቆመን እያለን፣ ከክምሩ ውስጥ «አለሁ» ይላል። በጠራራ ፀሐይ። ደከም ያለ፣ አቧራ ያነቀው። እርስ በርስ እንተያይና ሁላችንም መኖራችንን እናረጋግጣለን። «ዛላ ነው፤ ሲረጋ ይንኮሻኮሻል» እላቸዋለሁ። መሪ ነኝ፣ ምን ልበል? እኔ ራሴ ግን ወደ ክምሩ ጀርባ ብቻዬን አልሄድም ነበር። ዘፈኑንም ማንም አላወጣውም።

ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን የታደለ ሚስት ወለላ መጣችብኝ። ከሰል ተሸክማ ልጅ ያሳደገች ሴት ናት። «ጋሼ ብርሃኑ፣ ይቅርታ ቢጠይቅ ይፈታል እያሉት ነው፤ ገድያለሁ ብለህ ፈርም ሲሉት እምቢ አለ። እርስዎን ይሰማል፤ በማርያም ይሂዱልኝ» አለችኝ። ሄድኩ። ታደለ ፀጉሩ ነጭ ሆኗል።

«ፈርምና ውጣ፣ ሰውዬ። ወለላ አለቀች» አልኩት።

«ያልሠራሁትን በገዛ አፌ? አንድ ሰው መልሶልኛል፣ ብርሃኑ። ያ ሰው እስኪመጣ እጠብቃለሁ።»

ተናድጄ ወጣሁ። ጆንያ እየጠበቀ ያረጃል አልኩ በልቤ።

ከዚያ የኔ ተራ ደረሰ። ክምር ሳስተካክል ከስሬ ከዳኝና ገባሁ። ላዬ ላይ ተደርምሶ ደረቴን ያዘኝ። በርበሬው ዓይኔን አጠፋው። ከላይ የኛው ልጅ፣ መውደቄን ያላየ፣ ሥራው ላይ ነው። ጆንያ እየጎተተ «አለህ?» አለ።

በሕይወት አለሁ፣ እዚህ ነኝ፣ አውጣኝ ማለት ፈለግሁ። ያን ሁሉ ለማለት ትንፋሽ የለኝም። ከአፌ የወጣው አንዲት ቃል ናት፦ «አለሁ!»

ወዲያው ጆንያው ወደ ጫፍ ሲጎተት ሰማሁት። ልጁ መልሱን አግኝቷል፤ ሊለቅ ነው። የሞት ጉልበት ነው መሰለኝ፣ «ስር ነኝ! አትልቀቅ!» ብዬ ጮህኩ። ቆመ። ሲያወጡኝ ልጁ እያለቀሰ «ጋሼ፣ ድምፅዎ እኮ ከማዶ በኩል ነው የመጣው!» ይለኛል። ዛላ እንዲህ ነው፤ ድምፅን ይውጥና በፈለገበት በኩል ይተፋዋል።

መሬት ላይ ተዘርግቼ ሐጂን አሰብኩ። እኔ ራሴ አወርደዋለሁ ያሉትን ሰውዬ፣ የድሮውን ተሸካሚ። ክምሩ ተንዶባቸው ስሩ ሆነው «አለህ?» ሲባሉ ምን ይመልሳሉ? እኛ ሁላችን የምንመልሰውን ነው እንጂ።

ሳልውል ሳላድር ታደለ ዘንድ ሄድኩና ነገርኩት። ስጨርስ ሁለት እጆቹን አገላብጦ አያቸው።

«እንግዲያው ሐጂ ስጠይቃቸው በሕይወት ነበሩ።»

«ነበሩ።»

«አድነኝ ሲሉኝ ለቀቅኩባቸው።»

«ስህተት ነው እንጂ ግድያ አይደለም! እኔ እመሰክራለሁ።»

«አንተ ሻይ ቤት ነበርክ» አለኝ። እውነቱን ነው። ከዚያ ዓይኑን ሳያነሳ «ልጆቹ አሁንም አለሁ እያሉ ነው የሚቀበሉት?» ሲል ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። «ዛሬውኑ አስቁማቸው» አለ። አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ።

ይቅርታውን በመጨረሻ ጠየቀ። ግን እንዲህ ብሎ ነው፦ በእጄ ሞተዋል፣ አልገደልኳቸውም። እንዲህ ያለ ጥያቄ አይሆንም ተብሎ ተመለሰ። ሌላ አልጽፍም ብሏል። የሐጂ ልጆች እስከ ዛሬ ገፍቶ ገደላቸው ይላሉ፤ በርበሬ በረንዳም ለሁለት እንደተከፈለ ነው። ወለላ በየሳምንቱ ስንቅ ይዛ ትመላለሳለች።

ለኛ ጡረታ የሚባል ነገር የለም፤ ጀርባህ እምቢ ሲል ቁጭ ትላለህ። እኔም ቁጭ ብያለሁ። አዲስ ለምትጀምሩ ልጆች የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። ጆንያ ስትቀበሉ «ያዝኩ» በሉ። «አለሁ» የሚለውን ቃል ክምር ለተጫነው ሰው ተዉለት።