ተራ የሚጠበቅበት ወንበር

አምሐ ፑል የጀመረው አሜሪካ አይደለም። አዲስ አበባ፣ ፒያሳ አካባቢ በነበረ ቡና ቤት የጓሮ ክፍል፣ ቀዳዳ በሌለው የካራምቦላ ጠረጴዛ ላይ ነው እጁን ያፍታታው። በሱዳን አድርጎ ኦክላንድ ሲገባ ያገኘው ጠረጴዛ ባለ ስድስት ቀዳዳ ሆነ። "ይኼማ ወንፊት ነው፤ ኳሱ የትም ቢሄድ ይወድቃል" ብሎ ናቀው። የናቁት ወንድ ያስረግዛል እንዲሉ፣ ያ ወንፊት ዓመታቱን በላበት።

ፕሮ ነኝ ይላል። አልዋሸም፤ ችግሩ ፕሮነት እንጀራ አለመሆኑ ነው። ለመወዳደር ከኪስ ይወጣል፤ ሽልማት የሚደርሰው ግን ከላይ ላሉት ጥቂቶች ነው። የቀረው እጁን ተጨብጦ፣ ተመስግኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አምሐ ብዙ ጊዜ ተመስግኗል። አልፎ አልፎ ታክሲ ይነዳል፣ ጀማሪዎችን ያስተምራል፤ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው ግን ሚስቱ መንበረ ናት። ከሚኖሩበት ከሳን ፓብሎ ዳሊ ሲቲ እየተመላለሰች አረጋውያን ትጦራለች።

በፈረንጆቹ ዘጠና አራት፣ በጋው ሲያልቅ የመንበረም ትዕግሥት አብሮ አለቀ። የአጎቷ ልጅ ንጉሤ ኦክላንድ ውስጥ የአንድ ፓርኪንግ ኃላፊ ሆኖ ነበር።

"ንጉሤ ኢንሹራንስ ያለው ፉል ታይም ጆብ ይዞልሃል" አለችው። "ሳን ሆዜ ሂድና ተጫወት። ካልሆነልህ ግን አፕላይ ታደርጋለህ።"

ሳን ሆዜ ላይ ጨዋታው እጁ ገባለት። ካሸነፈ ሽልማት ውስጥ በሚያስገባው ጨዋታ፣ ጉልበቱን የሚያመው አንድ ፊሊፒኖ ሽማግሌ ደረሰው። እኩል ለእኩል ሆነው የመጨረሻው ዙር መጣ። ተራው የሽማግሌው ስለነበር አምሐ ወንበሩ ላይ ነው። ሕጉ ተራህ እስኪደርስ እዚያ ተቀምጠህ አፍህን ዝጋ ይላል። ሽማግሌው ሩቅ ያለች ኳስ ሊመታ ሲንጠራራ ጉልበቱ ከዳውና ወደ ጎን ዘመም አለ።

"እኔን!" አለ አምሐ። ከወንበሩም ብድግ ብሏል።

አስቦበት አይደለም። ሰው ሲደናቀፍ እኔን የማይል አበሻ ካለ፣ እሱ የእናት ጡት አልጠባም። ሽማግሌው ግን ደንግጦ ኳሷን ሳተና ዳኛ ጠራ። አምሐ ባለችው እንግሊዝኛ፣ ባገሬ እንዲህ ነው ብሎ ሊያስረዳ ሞከረ። ዳኛው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቢሆንም ድምፅ ድምፅ ነው፣ ጥፋቱ ያንተ ነው ብሎ ነጯን ኳስ ያሻው ቦታ አስቀምጦ እንዲመታ ለሽማግሌው ሰጠው። ሽማግሌውም የቀሩትን ጠራርጎ ጨረሰ።

ሲጨባበጡ ሽማግሌው የቃሉን ትርጉም ጠየቀው። ባንተ የመጣው በኔ ይሁን እንደ ማለት ነው አለው አምሐ።

ሽማግሌው ትንሽ አሰበና፣ "እንግዲያው ሰምሮልሃል" አለው።

መንበረ ይህን ስትሰማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ በሳቋ መሀልም እስከ ፋሲካ ጊዜ ሰጠችው። እሱ አልሳቀም። ከዚያ ወዲያ አፉን ማሠልጠን ያዘ። ተሳፋሪ ታክሲው ውስጥ ሲገባ ጭንቅላቱን ቢጋጭ ጥርሱን ይነክሳል። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ እማማ ያለምዘውድ ደረጃ ስተው ሲንገዳገዱ ዓይኑን ወደ ሌላ አዞረ፤ ጎረምሶቹ ደረሱላቸው። መጀመሪያ ላይ ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ይመጣበት ነበር፤ ኋላ ለቀቀው።

ምን ይደረግ፣ ጠቀመው። በጥር ኦክላንድ ላይ ሽልማት ውስጥ ገባ፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሳክራሜንቶ ላይ ደገመው። መንበረም የንጉሤን ሥራ ማንሳት ተወች። ሰውዬው በመጨረሻ በፑል ሊያድር ነው።

የሆሳዕና ዋዜማ፣ መንበረ የልብስ ቅርጫት ታቅፋ የቤቱን ደረጃ ስትወርድ እግሯ አዳለጣትና እስከ ታች ተንከባለለች። አምሐ ሳሎን ነበር። አያት። ፊቱ ሳይለወጥ፣ እጆቹ ጉልበቱ ላይ እንዳሉ፣ ተራውን እንደሚጠብቅ ሰው አፉን ዘግቶ አያት። ራሷ ተነሥታ፣ ክርኗን እያሻሸች ልብሱን መልቀም ስትጀምር ነው የነቃው።

"እኔን" አለ።

መንበረ ቀና ብላ አየችው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

"አሁን ለማን ነው?" አለችው።

ልብሱን አብሯት ለቀመ፤ ክርኗ ላይም በረዶ ያዘላት። አፍሯል፤ ከሁሉ በላይ ግን ፈርቷል፤ የፈራውም ራሱን ነው።

ለዳግማይ ትንሣኤ ውድድር ተመዝግቦ ነበር፤ አልሄደም። ማንም ሳያስታውሰው ኦክላንድ ንጉሤ ዘንድ ሄዶ አፕላይ አደረገ። የፑል ጓደኞቹ፣ ጨዋታው እጁ በገባለት ሰዓት ይተዋል፣ አብዷል አሉ። ጨርሶ እንኳ አልተወውም፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሳን ፓብሎ ውስጥ ለጨዋታ ያህል ይመታል፤ ሰው ሲደናቀፍም እኔን ማለት ከብዙ ልምምድ በኋላ ተመልሶለታል።

መንበረ ግን እስከ ዛሬ፣ እሱ ሳሎን ካለ፣ ያንን ደረጃ የምትወርደው መደገፊያውን ይዛ ነው።