የእትዬ ካቻቢቴ ግራ ጆሮ

ከጋራዡ ፊት ለፊት ያለው ካፌ እንዳወራው ከሆነ፣ የመካኒኳ የእትዬ ካቻቢቴ ጆሮ ድፍን ብሏል። በግራው ውስጥ በረሮ ትዳር መሥርቶ ልጆች አድርሷል። የሞተር ሕመም የሚያውቁትም ሾፌሮቹ አስቀድመው ሹክ ስለሚሏቸው ነው።

ወሬው እዚህ ላይ ትንሽ ያነክሳል። ደንቆሮ ሹክሹክታ የሚሰማው በየትኛው ጆሮው ነው? ግን ካፌ ውስጥ እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ሻዩ ይቀዘቅዝበታል።

የግራ ጆሯቸው ታምቡር ከልጅነታቸው ጀምሮ ቀዳዳ ነው። ጉንፋን በያዛቸው ቁጥር መግል ያዣል፤ ሲታጠቡ ቫዝሊን በተቀባ ጥጥ ይወትፉታል። ሐኪሟ «ሦስት ወር ደርቆ ከቆየ እንጠግነዋለን» ካለቻቸው ወዲህማ ከውሃ እንደ ዓይን ብሌናቸው ይጠብቁታል። ጎረቤታቸው የሞቀ ዘይት ላንቆርቁርልዎ ብትላቸው፣ «ዘይት ለሞተር ነው፣ እህቴ» ብለው መለሷት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ አለቃቸው ዘንድ ደረሰ።

«እትዬ፣ ከነገ ጀምሮ ጎማ ክፍል ይሁኑ።»

ሃያ ዓመት ሞተር ያከመ ሰው ጎማ ሊነፋ!

«ያ የሚያቃስተው አውቶቡስ እንደቆመ ነው አይደል?» አሉት። «መጀመሪያ እሱን ልየው። ካቃተኝ ጎማህን እነፋለሁ።»

ሌሎቹ መካኒኮች «ዲናሞ ነው» እያሉ ሁለት ዲናሞ ቀይረውለታል፤ አውቶቡሱ ግን ማቃሰቱን አልተወም። ካፌው ብርጭቆውን እንደያዘ ግልብጥ ብሎ ወጣ።

«አንተ መንገዱን ተሻግረህ ቁም» አሉት ሾፌሩን። «ሹክ አልካት እንዳይሉህ።»

ሞተሩ ተነሳ። እትዬ የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ዲናሞው ላይ፣ እጀታውን ከግራ ጆሯቸው ጀርባ ካለው አጥንት ላይ አስደገፉ።

«ኧረ በበሽተኛው በኩል ነው!» አለ አንዱ ባለሻይ።

ጫፉን ወደ ውሃ ፓምፑ አዛወሩና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«የፓምፑ ኩሽኔታ ነው። ፍቱት።»

ፈቱት። ኩሽኔታው እንደ ሽማግሌ ጥርስ ይነቃነቃል።

አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ... ነገም ሞተር ክፍል ነዎት፣ እትዬ።»

እትዬ ካቻቢቴውን በጨርቅ ወልውለው ወደ ባለሻዮቹ ዞሩና፣ ማዶ ያለው ሾፌር ሳይቀር በሚሰማው ድምፅ ተናገሩ።

«የተቀደደው ታምቡሬ ነው፣ አጥንቴ አይደለም። የሞተር ድምፅ በአጥንት ይገባልኛል፤ እንዲያውም በዚህኛው በኩል ይጎላል። ደንቆሮ አይደለሁም፤ ሾፌር ሹክ ብሎኝ አያውቅም፤ በረሮም የለም!»