አባቴ የከፈተው ላፕቶፕ

ባለቤቴ ነርስ ናት። ጅግጅጋ እየሠራች ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማር ነበርና የመመረቂያ ጽሑፏ ላይ ስትደርስ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበር። "ሳልወልድ ካላስረከብኩ መቼም አልጨርሰውም" ትላለች። ላፕቶፗ ግን እሺ አላለም። መረጃ የሰበሰበችበትን ትልቁን ሰንጠረዥ በከፈተች ቁጥር ስክሪኑ ደርቆ ይቀራል። እሷም እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ እስኪነቃላት ትጠብቃለች።

ገበያው አጠገብ ላለ የኮምፒውተር ነጋዴ አሳየነው።

"ማሽኑ ደህና ነው፤ ሜሞሪው ነው ያነሰው" አለን። "ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ሜሞሪው ትልቅ የሆነ አዲስ ላስመጣላችሁ እችላለሁ። ዕቃዬ ደወሌ ጉምሩክ ላይ ነው፤ እንደተለቀቀ ይደርሳል። ካልሆነ ሜሞሪዋን ብቻ ግዙና እቤታችሁ ግጠሙ። እኔ ግን የሰው ላፕቶፕ አልፈታም፤ ሻጭ ነኝ።"

እኔ የፋብሪካውን መረጥኩ። ለባለቤቴ ዋስትና አለው አልኳት። ዋናው ምክንያቴ ግን አባቴ ነበር።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ራዲዮ ጠጋኝ ነበር። የሶማሊያ ስደተኞች ካምፕ በነበረበት ዘመን ሐርተሼክ ላይ ትንሽ ሱቅ ነበረችው። ሰዎች ከዘመዶቻቸው ወሬ የሚሰሙበትን ራዲዮ ይዘው ይመጡና አጠገቡ ቁጭ ብለው እስኪናገር ይጠብቁ ነበር። ኋላ ጅግጅጋ ገባን፤ ራዲዮም ቀስ በቀስ ከሰው እጅ ጠፋ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከእኛ ጋር ይኖራል። ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ስለ እጁ እሱም አያነሳም፣ እኛም አንጠይቅም። ሜሞሪዋን ገዝተን ቤት ከገባን ካቻቢቴውን እንደሚያነሳ አውቅ ነበር።

እንደፈራሁትም ምሳ ላይ ባለቤቴ ነገሩን አነሳችው። አባቴ ከክፍሉ ሆኖ ሰማ።

"ለዚህ ነው አዲስ የምትገዙት?" አለ ብቅ ብሎ። "ስንት ራዲዮ ከፍቼ የዘጋሁ ሰው እቤታችሁ ተቀምጬ?"

እኔ ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመርኩ። ባለቤቴ ግን የሐርተሼክ ልጅ ናት፤ ሱቁን ከልጅነቷ ታስታውሰዋለች፤ እሱንም እንደ አባቷ በሶማልኛ "አቦ" ነው የምትለው።

"እንግዲያው እርስዎ ይግጠሙልኝ፣ አቦ" አለችው።

ወደ ጓሮ ወጣ ሲል "ቢያበላሸውስ?" አልኳት።

"ጽሑፌን ፍላሽ ላይ ገልብጬዋለሁ። ቢበላሽ ላፕቶፕ ነው የሚበላሸው።"

ሜሞሪዋን ከነጋዴው ገዛን፤ ዓርብ ከጁምዓ ሰላት ሲመለስ አባቴ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ ጠጋ አደረገ፤ ነጭ ጨርቅ አነጠፈ፤ መነጽሩን ጠረገ። ብሎኖቹን ሲፈታ ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ ነበር። ክዳኑን ሲያነሳው ሳቀ። "ይሄ ሁሉ ወሬ በዚህች ውስጥ ነው?" አለ። ሜሞሪ የሚገባበት ቦታ ሁለት ነው፤ አንደኛው አሮጌዋን ይዟል፣ ሌላው ባዶ ነው። አዲሷን ወደ ባዶው አስጠጋት። አልገባችም። ደግሞ ሞከረ። ጣቱ ዘለለና ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሜሞሪዋን ጨብጣ የምትይዘው ትንሿ መያዣ ተሰብራ ጨርቁ ላይ ወደቀች።

አባቴ ስብርባሪዋን ለማንሳት ሁለት ጊዜ ሞክሮ አቃተው።

"ይቅር በይኝ፣ ልጄ" አላት። ተነስቶ ክፍሉ ገባና በሩን ዘጋ።

"ብዬሽ ነበር" የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እሷ ግን ወንበር ጎትታ በሩ ጥግ ተቀመጠች።

"አቦ፣ እጅዎ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?"

ከበሩ ማዶ ቀስ ብሎ መለሰላት። "ዓይኔ ያየዋል። እጄ ነው የማይሰማኝ። ሻይ አፌ ሳይደርስ ይፈሳል፤ ሩዙም እናንተ ላይ ይበተናል። ለዚህ ነው ብቻዬን የምበላው።"

ከእኛ ጋር ገበታ መቅረብ ከተወ ከራርሞ ነበር። "ሽማግሌ ሲበላ ጸጥታ ይወዳል" ይለን ነበር፣ እኔም አምኜው ትሪውን ክፍሉ ድረስ አደርስለት ነበር። ከግድግዳው ማዶ ቆሜ ይህን ስሰማ ንዴቴ ሁሉ ሟሟ።

በማግስቱ ጠዋት ሳንጠራው ራሱ መጣ። ክፍቱን ላፕቶፕ ጎንበስ ብሎ አየው።

"የተሰበረው ባዶው ነው። አሮጌዋን አውጥተን አዲሷን በእሷ ቦታ ብናስገባትስ? አዲሷ ብቻዋንም ትበልጣለች።"

"እኔ ላስገባት፤ እርስዎ መብራት ይያዙልኝ" አለች ባለቤቴ።

የሕፃናትን ደም ሥር የለመዱ ጣቶች አሏት። አባቴ የስልኩን መብራት ያዘ። ብርሃኑ ተንቀጠቀጠ፤ አሮጌዋ ላይ፣ ጣቶቿ ላይ፣ ግድግዳው ላይ ወዲያ ወዲህ አለ። እጁን ሊሰበስብ ሲል "እንዳለ ይተዉት፣ በደንብ ይታየኛል" አለችው። በሚንቀጠቀጠው ብርሃን አሮጌዋን አወጣች፣ አዲሷን በሰያፍ አስገብታ ተጫነቻት። ቀጭ አለች፤ በዚህ ጊዜ ግን ስትገጥም ነው።

ላፕቶፑን ስናበራው ስክሪኑ ጠቁሮ ቆየ። አባቴ ከንፈሩን ነክሶ ይጠብቃል። ከዚያ በራ። ባለቤቴ ትልቁን ሰንጠረዥ ከፈተችው፤ ሳይደርቅ ተከፈተ። የፋብሪካውን ያህል ፈጣን አይሆን ይሆናል፤ ለእሷ ግን በቃት። ጽሑፏን አስረክባ ነው ሴት ልጃችንን የወለደችው።

ከዚያ በፊት ግን አባቴን እሷ ወደምትሠራበት ሆስፒታል ይዘነው ሄድን። ሐኪሙ ጣቶቹን አስዘርግቶ፣ አስጨብጦ፣ አራምዶ አየው። ሕመሙ ጨርሶ እንደማይድን፣ መድኃኒቱ ግን መንቀጥቀጡን እንደሚያረግብለት ነገረን። አባቴ እንደዚያ ቀን ብዙ ሲጠይቅ አይቼው አላውቅም፤ ለካ ይህን ሁሉ ጥያቄ ለብቻው ይዞ ኖሯል። ስንወጣ ፀሐዩ በርትቶ ነበር። አስፋልቱን ልንሻገር ስንል ክንዴን ያዘ፤ ከተሻገርን በኋላም አልለቀቀኝም። ቀስ እያልን በእግራችን ወደ ቤት ሄድን።