ሊቀመንበሩን ያነገሠ ጉሮሮ

ስሙ ይስማው ቢሆንም ሥራው ማሰማት ነበር። ከወገዳ ወጣ ብላ ባለች መንደር በሬ ሲጠፋ፣ ሰው ሲሞት፣ ስብሰባ ሲጠራ ድምፅ ማጉያውን አንግቶ ይለፍፋል።

አንድ ክረምት በግ መሰረቅ በዛ። ሀብቴ የሚባል፣ ከጠላ ቤት ጠብ በቀር ሙያ ያልታየበት ጎልማሳ፣ ከቅዳሴ መልስ ተነሥቶ «ሌባው መሀላችን ነው! ማታ ማታ ጅብ እየሆነ የሚበላን ቀጥቃጩ ፊልጶስ ነው!» አለ። ዕድሜ ልኩን ማረሻቸውን የሠራላቸው ሰው ጠላታቸው መሆኑ ለመንደሩ ያን ዕለት ተገለጠለት። ሀብቴ እስከ አጨዳ ብቻ ሥልጣን ይሰጠኝ አለ። ይስማው በማጉያው «እልል በሉ!» አለ፤ እልል ተባለ።

አጨዳው አለፈ፣ ውቂያውም አለፈ፤ ሥልጣኑ ግን አላለፈም። ሀብቴ ዱላ ያስያዛቸው ጎረምሶች ለመንደሩ ሰላም ሲሉ መንደሩን ይደበድቡ ጀመር። የሽማግሌ ዳኝነት ተሻረ፤ ለቅሶ መቀመጥም በፈቃድ ሆነ። የሊቀመንበር ምርጫም ተደረገ፤ ጎረምሶቹ ከኋላ ስለቆሙ ሰዉ በደስታ እጁን አወጣ። መሪጌታ ገብረ ሚካኤል ብቻ እጃቸውን ከጋቢያቸው አላወጡም።

«እርስዎስ አባታችን?» አለ ሀብቴ።

«እኔን በርዶኛል፣ ልጄ።»

በማግስቱ ከቅኔ ጉባኤያቸው ተባረሩ፤ ለጤናቸው ታስቦ።

ቀጥሎ ፊልጶስ አገር እንዲለቅ ታዘዘ። የይስማው ሚስት ዘርፌ «የልጃችንን እትብት የቆረጠችው የሱ ሚስት ናት። በሷ ላይ ልትለፍፍ ነው?» አለችው።

«እኔ ድምፅ ነኝ እንጂ ሐሳብ የለኝም» አላትና ወጥቶ ለፈፈ። ቀጥቃጩ ዕቃውን በአህያ ጭኖ ወደ ንፋስ መውጫ ሄደ።

በጉ ግን መጥፋቱን ቀጠለ። ይስማው ጠላ ቤት ተቀምጦ «አሁንስ ማን እየበላው ነው?» አለ። ሌላ ምንም አልተናገረም። ሲነጋ ድምፅ ማጉያው በሌላ ሰው አፍ «ይስማው የጅቡ ወዳጅ!» እያለ ይዞር ነበር። እልልታው እንደ ወትሮው ደማቅ ነበር።

ጎተራ ውስጥ ከታሰረ በኋላ ተለቀቀ፤ ሰላም የሚለው ግን ጠፋ። ከዘርፌና ከልጃቸው ጋር ንፋስ መውጫ ሄዱ። ማደሪያ ሲያፈላልጉ ከፊልጶስ ደጅ ደረሱ። ይስማው ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ድምፁ አልወጣም።

ፊልጶስ ትኩር ብሎ አየውና «ግቡ፤ ብርድ ነው» አለ።