ከካርታው ላይ ያላጠፋሁት ስም

መምህር ቦሩ ዳዊት ባለፈው ሳምንት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጂኦግራፊ ባስተማሩባት በነጌሌ ቦረና ተቀብረዋል። ተማሪዎቻቸው ከያቤሎም ከቡሌ ሆራም መጥተው ነበር። ስለ ደግነታቸው ብዙዎች ተናገሩ። እኔ የምጽፈው እዚያ ቆሜ ልናገረው ያልቻልኩትን ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለን የሥነ ዜጋ መምህር ስላልነበረን ያንንም ትምህርት እሳቸው ደርበው ያስተምሩን ነበር። አንድ ቀን ጠዋት በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ከተማዋን በእግር አዞሩን። ሰው ለምን እዚህ ሰፈረ? ገበያው ለምን እዚያ ሆነ? የአንድ ጫማቸው ሶል ተገንጥሎ በሲባጎ አስረውት ነበር። «ሳቁ፣ ሳቁ! ካርታ የሚሠራው በእግር ነው» አሉን። ተመልሰን የከተማዋን ካርታ ሣልን።

የከሰዓቱ ትምህርት ስለ ወንጀል ነበር። ስርቆት፣ ድብድብና ኮንትሮባንድ የሚበዛባቸውን ሰፈሮች በዚያው ካርታ ላይ ቀይ እንድንቀባ አዘዙ። «ሰፈሩን እንጂ ቤቱን አታሳዩ። የማንንም ስም አትጻፉ። ወንጀል መንገድ አለው፤ እኛ የምናጠናው መንገዱን ነው።»

እኔ ግን አዋቂነቴን ማሳየት ፈለግኩ። በጎረቤታችን በወይዘሮ ጫልቱ ጓሮ ከሞያሌ የመጣ ልባሽ ጨርቅ ሲራገፍ አይቼ ነበር። ቤቱን አክብቤ ስማቸውን ጻፍኩ። መምህሩ ከኋላዬ ቆመው አዩት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እውነት ነው፣ ቲቸር። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«እውነት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩህ? አጥፋው።»

እሺ አልኩ። ላጲስ አስነካሁት እንጂ አላጠፋሁትም። ለወላጆች ቀን ካርታዎቻችን ግድግዳ ላይ ሲለጠፉ ስሙ ጠጋ ላለ ሰው ይነበብ ነበር። ከወላጆቹ አንዱ የኮንትሮባንድ ተቆጣጣሪ ነበር። በዚያው ሳምንት የወይዘሮ ጫልቱ ቤት ተፈተሸ፤ ዕቃው ተወረሰ። ከእኔ ጋር በአንድ ዴስክ የምትቀመጠው ልጃቸው ሌንሴ ትምህርቷን አቋርጣ ሥራ ፍለጋ ሞያሌ ወረደች።

ወይዘሮ ጫልቱ ትምህርት ቤቱ ግቢ ገብተው ጮኹ። «ኤኙ? ማን ነው ስሜን የጻፈው?»

መምህሩ ከክፍል ወጡ። «ካርታውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

እስከዚያን ቀን «አንቱ» ይሏቸው የነበሩት ሴት፣ «አንተ አስተማሪ ነህ ወይስ ጆሮ ጠቢ?» አሏቸው። እኔ በመስኮት አይ ነበር። አልወጣሁም።

ከዚያ ወዲህ መምህር ቦሩ በደጃቸው ሲያልፉ «ናጋ፣ አዴ ጫልቱ?» ብለው ሰላምታ ይሰጣሉ፤ ወይዘሮ ጫልቱ ፊታቸውን ያዞራሉ። ለዓመታት እንዲሁ ነበር።

ጋዜጠኛ ከሆንኩ በኋላ መምህሩን ልጠይቃቸው ስሄድ ቀለዱብኝ። «ምንጭን መደበቅ ያኔውኑ ነው የጀመርከው?»

«ለወይዘሮ ጫልቱ ለምን አልነገሯቸውም?» አልኳቸው።

«እኔ ብናገረው ማሳበቅ ነው። አንተ ስትናገረው ነው የሚያምረው።»

በሚቀጥለው ስመጣ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ብዙ ጊዜ መጣሁ። በሥራዬ ለተሳሳተ ዜና በማግስቱ እርማት አውጥቻለሁ። ይህን ግን «የጻፍኩት እውነት ነበር» እያልኩ አቆየሁት።

ከቀብር መልስ ወይዘሮ ጫልቱ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«በዚህ ሰፈር ያልቀበርኩት ጎረቤት የለም» አሉ። «ዛሬ ሬሳው በደጄ ሲያልፍ በሬን ዘጋሁ። አንተ ነህ ያስዘጋኸኝ።»

ነጠላቸውን አንስተው ወደ ለቅሶው ቤት ብቻቸውን ሄዱ። ልከተላቸው ስል በእጃቸው መለሱኝ።

መምህሬ ሆይ፣ የወይዘሮ ጫልቱን ስም የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ አንቱን ለሚያውቁ ሁሉ ይኸው ተናገርኩ። አንቱ ከመሄድዎ በፊት መሆን ነበረበት። ሲሸኙ አንዲት ጎረቤት ጎድላ ነበር፤ ያጎደልኳት እኔ ነኝ። ፈጣሪ ከሐሜት ሁሉ ርቀው እንዲያርፉ ያድርግልኝ።