አሥራ ዘጠነኛው ስም

ባለፈው ሐምሌ ለሥራ ሞጣ ሄጄ ነበር። ከመናኸሪያው ወደ ማደሪያዬ የወሰደኝ ባጃጅ መስታወቱ በጉም እየተሸፈነ ሾፌሩን አስቸገረው። ልጁ ጥቂት በሄደ ቁጥር ከመሪው ሥር አንዲት ጥቁር ጨርቅ ይመዝና ይወለውላል፤ መልሶ ይወትፋታል። ዝናቡ በሸራው በር እየገባ ጉልበቴን ስላራሰው ወደ መሐል ጠጋ አልሁ። ያኔ ነው ጨርቋ ላይ ጽሑፍ መኖሩን ያየሁት። በነጭ መደብ ላይ የታተመ የስም ዝርዝር ነበር፤ አብዛኛው ተሰነጣጥቆ ረግፏል። ከግርጌው አንዲት መስመር ብቻ ድርቅ ብላ ቀርታለች። «ምንይችል» ትላለች። ስሜ ነው።

ምንይችል ብርቅ ስም አይደለም። ጎጃም ውስጥ አውቶቡስ ላይ ቆሞ ምንይችል ብሎ የተጣራ ሰው ሁለት ሦስት አቤት ባይ አያጣም። ይህችን ግን ለይቼ አውቃታለሁ። በካውያ የተጫንኋት እኔው ነኝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስናጋምስ አባቴ ከሞጣ ግብርና ጽሕፈት ቤት ወደ ቢቸና ተዛወረ። ዕቃችንን በአይሱዙ ጭነን ሄድን። የቢቸና ተማሪዎች ክፉ አልሆኑብኝም። ወንበር ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ፤ ደብተርም አዋሱኝ። ነገር ግን እነሱ ከልጅነት ጀምሮ የተዋወቁ ናቸው፤ ከእኔ ጋር ለመጣላት እንኳ የሚበቃ ነገር አልነበራቸውም። ከትምህርት ስወጣ መናኸሪያ እሄድና የሞጣው አውቶቡስ እስኪገባ እጠብቃለሁ። ከዚያ የሚወርድ እንግዳ አልነበረኝም። ጎማው ላይ የደረቀውን የመንገዱን ጭቃ አይቼ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ያሳፍረኝ ነበር።

አክስቴ የሽወርቅ ቢቸና ገበያ አጠገብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበራት። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ደርሳ ስትመለስ በካውያ ጨርቅ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ይዛ መጣች። ፎቶውን በባለቀለም ማተሚያ ወረቀቱ ላይ ማተም፣ ከዚያ ቲሸርት ላይ አድርጎ መተኮስ ነው። ይህን እንዳየሁ ሞጣ ለቀረው ለእንዳላማው ደወልሁለት። እንዳላማው ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጥን ጓደኛዬ ነው። ከፈተና በኋላ የስንብት ቲሸርት ሊያሠሩ እንዳሰቡ ሲነግረኝ አፌ ቀደመኝ።

«እኔ እሠራላችኋለሁ!»

በሳምንቱ የአውቶቡሱ ረዳት አንድ ማዳበሪያ አወረደልኝ። አሥራ ስምንት ጥቁር ቲሸርትና አንዲት ፍላሽ ነበረበት። ፍላሿን በአክስቴ ኮምፒውተር ከፈትኋት። ሁሉም ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ካለችው ዋንዛ ሥር ተደርድረዋል። እኔ እቀመጥበት በነበረው የዛፏ ሥር ላይ የማላውቀው ልጅ ተቀምጧል። ከሄድሁ በኋላ የተነሡት ነውና እኔ እዚያ የምገኝበት ምክንያት አልነበረም። ቢሆንም ሁለት ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ፈለግሁ።

ከየቲሸርቱ ጀርባ የሚጻፈውን የስም ዝርዝር እንዳላማው በስልክ ነገረኝ። እሱ ይጠራል፣ እኔ እጽፋለሁ። አሥራ ስምንት ላይ አቆመ።

«ሌላስ?» አልሁት።

«በቃ፣ ያለነው ይኸው ነን።»

«እርግጠኛ ነህ? የረሳኸው እንዳይኖር።»

«ኧረ አለቀ! ይልቅ ፊደሉ ጎላ ይበል።»

የመጀመሪያውን ቲሸርት አበላሸሁት። አክስቴ ያመጣችው ወረቀት ሁለት ዓይነት ነበር፤ አንዱ ለነጭ ጨርቅ፣ ሌላው ለጥቁር። እኔ በችኮላ የነጩን አንሥቼ ተኮስሁበት። ወረቀቱን ስልጠው ጥቁሩ ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር እንጂ ሰው የለም። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ አጎንብሳ አየችው።

«ልጆቹን ቀበርካቸው እኮ!» አለችና ሳቀች።

ከዚያ የእሽጉን ጽሑፍ ጣቷን እያስኬደች አነበበችልኝ። ለነጭ ጨርቅ የሚሆነው ቀለሙን ብቻ ነው የሚያሳልፈው፤ ጥቁር ላይ ሲያርፍ ይጠፋል። የጥቁሩ ግን የራሱ ነጭ መደብ አለው። ዳር ዳሩን በመቀስ ቆርጦ፣ ከጀርባው ያለውን ወረቀት ልጦ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ማስተኛት ነው። በላዩ ስስ ወረቀት ይደረግና ውኃ በሌለው ካውያ ጥብቅ አድርጎ መጫን። ለተበላሸው ምትክ ከገበያ አንድ ጥቁር ቲሸርት አመጣሁ፤ የተበላሸውን ለራሴ አስቀረሁት።

ስሞቹን ለማተም ስቀመጥ ከአሥራ ስምንተኛው ሥር ያለው ባዶ መስመር ዓይኔ ውስጥ ገባ። ብዙ አሰብሁ ብል ውሸት ነው። ስሜን ጻፍሁና አተምሁት። አክስቴ ወረቀቱን ከማተሚያው ስታነሣ ቆጠረችው።

«አሥራ ስምንት ናቸው አላልከኝም?»

«አንድ ተረስቶ ነው።»

መጨረሻውን መስመር አነበበች። ቀና ብላ አየችኝና «ካውያው ግሏል፣ ና» ብቻ አለችኝ።

ሁለት ቀን ሙሉ ተኮስን። መብራት ሲጠፋ አክስቴ የከሰል ካውያዋን እያራገበች ታቀብለኝ ነበር። የእንዲህ ያለ ልጥፍ ጠባዩ ከዳር መልቀቅ ነው፤ ግርጌው ቶሎ ይነሣል። ስለዚህ ከግርጌው መስመር ላይ ስደርስ በሁለት እጄ ተደግፌ እቆም ነበር። ሌሎቹን ሠላሳ ቆጥሬ አነሣለሁ። የራሴን ስም ግን ስልሳ፣ አንዳንዴም ሰማንያ እቆጥርበት ነበር። እንዳይለቅ ብዬ ነው።

ፈተናው ባለቀ ቅዳሜ ማዳበሪያውን ተሸክሜ ተሳፈርሁ። ሰኔ ገብቶ ነበርና የታረሰው ዋልካ መሬት ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጥቁር ብሎ ተኝቷል። ጉንደ ወይን ላይ ስንቆም ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ገዝቼ በላሁ፤ ጣቴን ከጠረግሁ በኋላም ማዳበሪያውን በንጹሕ እጄ ብቻ ነበር የምነካው። የተበላሸውን ቲሸርት ስሞቹን ከጀርባው ለጥፌበት ከጃኬቴ ሥር ለብሼዋለሁ። ሁሉም ሲለብሱ ዚፔን ከፍቼ እንደማሳያቸው መንገዱን ሙሉ ሳስብ ነበር።

ዋንዛዋ ሥር ሲያዩኝ ጮኹ፣ አቀፉኝም። ቲሸርቶቹን እየተሻሙ ከሸሚዛቸው በላይ አጠለቁ። እኔም እጄን ወደ ዚፔ ሰደድሁ። እንዳላማው ያን ጊዜ ስልኩን አምጥቶ መዳፌ ላይ አኖረው።

«እስቲ ምንዬ፣ አንተ አንሣን። ያንተ እጅ አይንቀጠቀጥም።»

አነሣኋቸው። በፊታቸውም፣ ዞረው በጀርባቸውም። በስልኩ መስኮት ውስጥ ስሜን አሥራ ስምንት ቦታ አየሁት። ከዚያ ሻይ ቤት ገብተን ቦንቦሊኖ በላን። እኔ ከሄድሁ በኋላ ስለመጣ አስተማሪ ያወሩ ነበር፤ አነጋገሩን እየቀዱ ሲስቁ እኔም ትንሽ ዘግይቼ ሳቅሁ። ስለ ስሙ ማንም ምንም አላለም። አላዩትም ብዬ አዘንሁ፤ አላዩትም ብዬም እፎይ አልሁ። ዚፔን እንደዘጋሁ ወደ ቢቸና ተመለስሁ። በዚያ መንገድ ላይ እንደተሰማኝ ያለ ብቸኝነት ከዚያ ወዲህ አላውቅም፤ ሰው ቀብሬም እንኳ።

ያ ከሆነ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል። ባጃጁ ውስጥ ልጁን ጨርቋን ከየት እንዳመጣት ጠየቅሁት።

«የታላቅ ወንድሜ የእንዳላማው ናት፣ ጋሼ። የተማሪነት ቲሸርቱ ነበረች። አሁን ባሕር ዳር ነው ያለው።» ጨርቋን አገላበጣት። «ይቺ ስም ብቻ አልለቅ ብላ መስታወቱን ትቧጭርብኛለች።»

«ማን ነው እሱ?»

«እኔ አላውቀውም። ወንድሜን ጠይቄው ነበር፤ ቲሸርቱን የሠራላቸው ልጅ ነው አለኝ። ስሙን ራሱ ነው የጨመረው። ሁሉም ያን ዕለት አይተውታል፤ እንዳያፍር ብለው ዝም አሉት።»

ዝናቡ በረታ። ልጁ የስሜን በኩል ወደ ውስጥ አጥፎ መስታወቱን በለስላሳው ወለወለ። እኔ አላዩኝም ብዬ ስኖር እነሱ ለካ አዝነውልኛል። የትኛው እንደሚሻል እስካሁን አልለየሁም።

«የወንድምህን ስልክ ትሰጠኛለህ?» አልሁት።

«ያውቁታል እንዴ?»

«አብረን ተምረናል።»

እየነዳ በቃሉ ነገረኝና መዘገብሁት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ቁጥሩን አውጥቼ አይቼ መልሼ ዘግቼዋለሁ። ወሬ አጥቼ አይደለም፤ የምነግረው ሞልቷል። ግን የኔን ቁጥር አያውቀውም፤ ገና ሲያነሣው «ማን ልበል?» ይለኛል።