በሲስተሮች በር ያፈሰስኩት ውኃ

ከባለቤቴ ከፈንታሁን ጋር መጨረሻ አብረን የሠራነው ሥራ ሩዝ መልቀም ነው። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ሰፌዱን መሀላችን አድርገን ተቀመጥን። እሱ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አውርዶ ጠጠሩን ለብቻ፣ ገለባውን ለብቻ ያወጣ ነበር።

"ባንቺ በኩል ያለው አልጠራም" አለኝ።

"ካንተ በኩል ነው ወደኔ የሚሾልከው" አልኩት። ሳቀ።

ማታ ያንኑ ሩዝ በላን። እንደ ልማዱ ከመጉረሱ በፊት ከንፈሩን ገጥሞ ጥቂት ቆየ። በስመ አብ የሚለው በልቡ ነበር፤ ድምፁን አውጥቶ ማለት ከተወ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር። በማግስቱ ጠዋት ልቀሰቅሰው ብሄድ አልነቃም።

ለምን ድምፁን እንደተወ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእሱ አልነገርኩትም። ለእናቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባታችንም አልነገርኳቸውም፤ ያሳሳትኩት እሳቸውኑ ስለነበር፣ ፊታቸው ስቀርብ አፌ አልከፈት ይለኝ ነበር። አሁን እሳቸውም በሕይወት የሉም። ስለዚህ ይህን ለምታነቡ ለእናንተ እናዘዛለሁ። የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው። አንድ መስመር ጽፌ እነሣለሁ፣ ማንም ሳያንኳኳ በሩን ከፍቼ አይቼ እመለሳለሁ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ ሰው ሁሉ "የሲስተሮች ትምህርት ቤት" በሚለው ወረታ በሚገኝ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ሁለታችንም እናስተምር ነበር። እሱ ሒሳብ፣ እኔ ሕፃናቱን። እኛ ኦርቶዶክስ ነን፤ ከሲስተሮቹ በቀር በግቢው ያለው ሰው ከሞላ ጎደል እንደዚያው ነበር። ዳይሬክተሯ ሲስተር አበበች ከከምባታ የመጡ፣ ረጅም፣ ሲራመዱ የሚቸኩሉ ሴት ነበሩ።

መስከረም ለፎገራ ሜዳ ልጆች የጭቃ ወር ነው። ክረምቱ ያመጣው ውኃ ገና አልሸሸም። ከቁሐር ሚካኤል የሚመጡት ልጆች ጫማ ያላቸው ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው በሩ ላይ ይደርሳሉ። የከተማው ልጆች ይስቁባቸዋል። አፍሮ ከበሩ የሚመለስም ነበር። ይህን ያዩት ሲስተር አበበች አንድ ልማድ አመጡ። በትምህርት መክፈቻ ቀን አስተማሪው፣ ጥበቃው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ እሳቸውም ጭምር በሩ ላይ ቆመን የሚገባውን ልጅ እግር እናጥባለን።

በዋዜማው ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰቡ። "እንግዳ ቤታችሁ ሲመጣ እግሩን ታጥቡት የለም? ይኼ ልጅ እንግዳችሁ ነው። ዘንድሮ አዲስ የመጣችሁ መምህራንም እንግዶቻችን ናችሁ፤ የናንተን እኔ አጥባለሁ" አሉ። ከአዲስ አበባ የመጣው የእንግሊዝኛ አስተማሪ "ሲስተር፣ የኔን እግር ካዩ ሥራውን ይለቃሉ" ብሎ አሳቀን። በማግስቱ ግን አልማሩትም፤ ጫማውን አስወልቀው አጠቡት።

በዚያ ዓመት እኔና ፈንታሁን አንድ ላይ ተመደብን። እኔ ከጀሪካኑ አፈሳለሁ፣ እሱ ተንበርክኮ ያጥባል። ውኃውን ጥበቃው ከግቢው ጉድጓድ ሲቀዳው አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። ከጉድጓዱ እስከ በሩ የተሸከምኩትም እኔ ነኝ። ይህን አትርሱብኝ። ፈንታሁን ማንኛውንም ሥራ ሲጀምር፣ ጠመኔ እንኳ ሲያነሣ፣ ድምፁን አውጥቶ በስመ አብ የሚል ሰው ነበር። በየልጁ እግር ላይም አለ።

እንጉዳይ የምትባል የቁሐር መሪጌታ ልጅ ተራዋ ሲደርስ እግሯን ሰበሰበች። "ኧረ መምህር፣ እኔው ራሴ እታጠባለሁ። ነውር ነው" አለችው።

"ነውሩስ ይህን ሁሉ ጭቃ ይዞ ሒሳብ ክፍል መግባት ነው" አላት።

ሳቀችና እግሯን ሰጠችው። ታጥባ ስትጨርስ ሰልፉ ፊት ሄዳ ቆመች። ሲስተር አበበች አዲስ ገቢዎቹን አንድ በአንድ እየጠሩ እንኳን ደህና መጣችሁ ሲሉ፣ እሷ ስሟን ጠርተው ሳይጨርሱ "አቤት" ብላ ጮኸች። ግቢው በሳቅ ሞላ። ፈንታሁን እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ያያት ነበር።

ቤት እንደገባን "የሺ፣ የትም አልሄድም" አለኝ።

ምን ማለቱ እንደነበር ልንገራችሁ። ወንድሜ ጎንደር ከተማ ለሁለታችንም የመንግሥት ትምህርት ቤት ቦታ አግኝቶልን ነበር። ፈንታሁን እስከ መስቀል ላስብበት ብሎኝ ነበር። እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ። የወረታን ጭቃ፣ ወባዋን፣ ጎርፍ መጣ አልመጣ እያሉ ማደርን ጠልቼ ነበር። እዚህ ላይ "እናቴም ታማብኝ ነበር" ብዬ ጽፌ ሰረዝኩት። እናቴ አልታመመችም። ደህና ነበረች። እኔ መሄድ ፈለግሁ፣ እሱ አልፈለገም። ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም።

በዚያው ሰሞን የንስሐ አባታችን የአዲስ ዓመት ጠበል ሊረጩልን መጡ። ፈንታሁን አልነበረም። ረጭተው ሲያበቁ፣ ለጨዋታ ያህል፣ "ትምህርት ቤታችሁ ተከፈተ?" ብለው ጠየቁኝ።

"ተከፈተ አባ። የልጆቹን እግር አጥበን ተቀበልን" አልኩ። እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም። "ግን ሲስተሯ ውኃው ላይ ጸሎት ደግመውበታል።"

"የምን ጸሎት?"

"የራሳቸውን።"

"ማን አየ?"

"ያፈሰስኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

መስቀላቸውን አሳልመውኝ ወጡ። ማንም ምንም ያልደገመበትን የጉድጓድ ውኃ፣ እኔ የተሸከምኩትን፣ እኔ ያፈሰስኩትን ውኃ፣ እኔ በአፌ የሌላ ሃይማኖት ጥምቀት አደረግሁት። ምን ይመጣል ብዬ ነበር? ሰው ያጉረመርማል፣ ፈንታሁን ይከፋዋል፣ ጎንደር እንሄዳለን ብዬ ነበር። ልጆቹን አስቤያቸው ነበር? አላሰብኳቸውም። እንጉዳይ "አቤት" ያለችው ጆሮዬ ላይ እያለ አላሰብኳትም።

ብዙም ሳይቆይ የቁሐር ልጆች ቀሩ። አባ ለወላጆቹ ሲናገሩ የኔን ስም አላነሡም፤ ከታመነ ሰው ሰማሁ ብቻ ነው ያሉት። ወሬው ግን የሚያርፍበት ሰው አላጣም። አንዱ ልጅ ለአባቱ "መምህሩ እየደገመ ነው ያጠበን" ብሎ ነበር። በስመ አብ ማለቱን ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ፈንታሁን ላይ ወደቀ፤ ካቶሊክ ሆኗል፣ ልጆቻችንን እየወሰደ ነው ተባለ።

ፈንታሁን ይህን ሰምቶ እራት ላይ ተቀምጦ ሳይቆርስ ቆየ። "አፌ ነው ያጠፋው፣ የሺ። ዝም ብዬ ማጠብ ስችል" አለኝ።

አይደለም ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ነው። "ብላ፣ ይቀዘቅዛል" አልኩት።

ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ በየቤቱ ልጆቹን መልሱ ብሎ ሊለምን ውኃውን እያቋረጠ ሄደ። ሲስተር አበበችም ወላጆችን ጠርተው ጉድጓዱን አሳዩ፣ ፊታቸው አስቀዱ። አንድ ሽማግሌ በመዳፋቸው ጎንጨት ብለው "ይኼማ የኛው ውኃ ነው፣ ዝገት ዝገት ይላል" ሲሉ ሰው ሳቀ፣ ነገሩ ረገበ። ልጆቹ ተመለሱ። መሪጌታው ግን አልመጡም። እንጉዳይን ጥር ላይ ይፋግ ዳሯት። ሩጫና ሳቅ ያልጠገበች ልጅ ነበረች።

አባ ለፈንታሁን ቀኖና ሰጡት፤ ጾምና ስግደት። ያላጠፋውን ጥፋት በየማለዳው ሲሰግድ ጉልበቱን እንዳያመው ምንጣፉን የማነጥፍለት እኔ ነበርኩ። ከቀኖናው በኋላም ድምፁ አልተመለሰም። ጠመኔ ሲያነሣ ዝም፣ ማዕድ ሲቀርብ ዝም። ጎንደርም አልሄድንም፤ "ይህን አበላሽቼ እንዴት እሄዳለሁ?" አለ። በሚቀጥለው መስከረም ሲስተር አበበች ልጆቹን እጃቸውን ብቻ እየጨበጡ ተቀበሏቸው። ልጆቹ ከነጭቃቸው ገቡ።

ያን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርኩትም? ይጠላኛል ብዬ ነው? አይመስለኝም። ይቅር ይለኛል ብዬ ነው የፈራሁት። ይቅር ብሎኝ አጠገቤ ሊቀመጥ፣ ጠጠር ሊለቅም።

ልቅሶው ላይ እንጉዳይ መጣች። ወፍራለች፣ ፊቷ ጠቁሯል፤ ይፋግ ገበያ ሩዝ ትሸጣለች። ሴቶቹ መሀል ተቀምጣ እንባዋን እየጠረገች አወራች። "ያኔ መምህር ቤታችን መጥተው አባቴ እግር ላይ ወደቁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጅቱን አይቅጧት አሉ። አባቴ እምቢ አሉ እንጂ። እኔ ግን ያኔውኑ ይቅር ብያቸዋለሁ።" ሴቶቹ ነፍሱን ይማር አሉ። እኔም አብሬ ነፍሱን ይማር አልኩ። እግር ላይ መውደቁን አላውቅም ነበር። ነግሮኝ አያውቅም።

ከዚያ ቀን በኋላ ቤቱ አላስቀምጥ አለኝ። በገበያ ቀን ይፋግ ሄድኩ። እንጉዳይ ማዳበሪያ ከረጢቷን ከፍታ ሩዝ በጣሳ ትሰፍር ነበር። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ውኃውን፣ አባን፣ ጎንደርን። ጣሳውን ከረጢቱ ውስጥ እንደሰካች ሰማችኝ።

"ለሳቸው ነገሯቸው?" አለችኝ።

"አልነገርኩትም።"

"እንግዲያ እኔ ምን ላድርግዎ፣ እትዬ የሺ?"

አንድ ገዢ መጥቶ ጣሳው ስንት ነው አላት። መለሰችለት፣ ሰፈረችለት። እኔ ተነሣሁ። ጥቂት እንደራቅሁ ጠራችኝ። "ሩዝ አይወስዱም? ከመጡ አይቀር" አለች። ሰፈረችልኝ። ፊቴን ሳታይ "ጠጠር አለው፣ በደንብ ይልቀሙት" አለችኝ።

ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም። ይቅር ሊለኝ የሚገባው ሰው በኔ ጥፋት እሱ ይቅር ተብሎ ሄዷል። ይህን የሚያካክስ ነገር አላገኘሁም።

አሁን በየገበያው ቀን ይፋግ ሄጄ ከእንጉዳይ ሩዝ እገዛለሁ። ሰላምታ እንሰጣጣለን፤ ሌላ አናወራም። ቤት ስመለስ በረንዳው ላይ ሰፌዱን ዘርግቼ፣ ድምፄን አውጥቼ በስመ አብ ብዬ፣ ሁለቱንም በኩል ብቻዬን እለቅማለሁ።